ደሴ ላይ የቀበሌ ቤት ለመጠየቅ ላሰባችሁ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ኪራይ ለከበደው ቤተሰብ «የኪራይ ድጎማ» ተብሎ በየወሩ የሚቆጠር ብር እኛ ዘንድ የለም። አለ ብሎ «ፎርም ላስሞላሽ፣ መቶ ብር ብቻ» የሚል ሰው ከገጠማችሁ መቶ ብራችሁን ፈልጎ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ኑሮ የሚኖር ሰው ሄዶ ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ነገሮች ግን አሉ። አንዱ የቀበሌ ቤት ነው። ሌላው ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰብ በሥራ ወይም በቀጥታ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ ነው። መዋጮ መክፈል ለማይችል ደግሞ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውስጥ መንግሥት የሚሸፍንለት የነጻ ተጠቃሚ ቦታ አለ። ሦስቱም በየራሳቸው በር ነው የሚጠየቁት። ብዙ ሰው አንዱ ጋ ስሙን አስመዝግቦ «ተመዝግቤያለሁ» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ ለሴፍቲኔት መመዝገብ ለቤት መመዝገብ አይደለም።

እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ለቁርስ ቤቶች የማስረክብ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ሞቷል። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እናቴንም አይኗ ሲደክም ከወረባቦ ወረዳ አምጥቻታለሁ። አራታችን ሳላይሽ አካባቢ በአንዲት ክፍል ነበርን። ኪራዩ እየወጣ እየወጣ 2,500 ብር ሲገባና አከራዬ በየወሩ መጨረሻ «ምጣድሽ ቆጣሪዬን በላው» ማለት ስትጀምር ነው ደጅ መጥናት የጀመርኩት። አሁን የቀበሌ ቤት ውስጥ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚህ በታች የምጽፈው ቀድሞ የሚነግረኝ ባገኝ ብዬ የተመኘሁትን ነው።

የቀበሌ ቤት ከየት እንደመጣ ማወቅ ወረፋው ለምን እንደማይንቀሳቀስ ያስረዳል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። እዚሁ ደሴ ፒያሳና አራዳ ዙሪያ ስትሄዱ የምታዩአቸው ጣሪያቸው የዛገ፣ ግድግዳቸው ጭቃ የሆነ፣ አራት አምስት በር ወደ አንድ ግቢ የሚከፈትባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ያን ጊዜም አሮጌ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሲቀንሱ እንጂ ሲጨምሩ አላየሁም። መንገድ ሲሰፋ ይነሣሉ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለው ተዳፋት በክረምት ሲንሸራተት ይሰነጠቃሉ። እንግዲህ ቤት የሚገኘው ሌላው ሰው ሲለቅ ብቻ ነው፦ ነዋሪው ወራሽ ሳይኖረው ሲሞት፣ የራሱን ቤት ሠርቶ ሲወጣ፣ ወይም ቤት እያለው በቀበሌ ቤት መኖሩ፣ አከራይቶትም መገኘቱ ሲታወቅ። ይኼ መቼ እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ሲሆን ግን ኮሚቴው ተቀምጦ መዝገቡን ይከፍታል፤ በዚያች ሰዓት ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ይዘለላል። የቸገረው ሰው ሁሉ ይኼን ነው የማይረዳው። እንባ ይዞ ነው የሚሄደው። እንባ ደግሞ በማህደር ውስጥ አይታሰርም።

ስለዚህ ማመልከቻ ከማሰባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ቀበሌዬ እኔን ያውቀኛል? የግል ቤት ተከራይ የሆንን ሰዎች አብዛኞቻችን አንታወቅም። ዕድራችን ውስጥ እንታወቃለን፣ መስጊዳችን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ያውቀናል፣ ባለሱቁ በዱቤ ደብተሩ ስማችንን ጽፏል። ቀበሌው ግን ያንን ቤት የሚያውቀው በአከራዩ ስም ነው። እኔ ለዓመታት የኖርኩበት ቤት ማህደር ሲወጣ ውስጡ ያሉት አከራዬ፣ ሟች ባሏና ልጆቿ ብቻ ነበሩ። እኔና ልጆቼ ወረቀት ላይ እዚያ ቤት ውስጥ የለንም።

ይኼ ዝም ብሎ የሆነ አይደለም። አከራይ ተከራይን ማስመዝገብ አይወድም፣ የጽሑፍ ውልም አይሰጥም፤ የኪራይ ገቢ ግብር የሚከፈልበት ስለሆነ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» የሚባለው እሱ ነው። አከራዬን ስለምዝገባ ሳነሣባት «ግብር ልትጠሪብኝ ነው አይደል? እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው ያየሁሽ» አለችኝ። አልፈርድባትም። እሷም ከዚያች ኪራይ ሌላ ገቢ የላትም። እኔም መጣላት አልፈለግሁም፤ የተጣላ ተከራይ ቤት ለቅቆ ነው የሚወጣው።

ያደረግሁት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ውሉን ተውኩትና «በቤቴ ትኖራለች» የሚል አንዲት መስመር ብቻ እንድትፈርምልኝ ለመንኳት። ስለ ብር የሚያወራ ነገር የለበትም። ጎረቤት ያሉ ሁለት አባቶች፣ አንደኛው የዕድራችን ዳኛ፣ አብረው ቆመው «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ነገ ሜዳ ብትወድቅ ምን ይሰማሻል» ብለው ለመኑልኝ። ፈረመች። በእሷ ፊርማና በእነሱ ምስክርነት በቤቱ ማህደር ላይ «ተከራይ» ተብዬ ገባሁ፣ መታወቂያዬም ላይ የቤት ቁጥሩ ተስተካከለ። ሁለተኛ፣ ኪራዩን በእጅ መስጠት አቆምኩና በቴሌብር መላክ ጀመርኩ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የጥር ቤት ኪራይ»፣ «የየካቲት ቤት ኪራይ» እያልኩ። አከራዬ ብሩ ቶሎ ስለደረሰላት አልከፋትም። ኋላ ኮሚቴው «ለኪራይ ስንት ትከፍያለሽ፣ ማስረጃሽስ?» ሲለኝ ስልኬን ከፍቼ አሳየሁ። ከዚያ በላይ የሚታመን ወረቀት ማምጣት አልችልም ነበር።

በነገራችን ላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። በከተማችሁ ሥራ ላይ እንዴት እየዋለ እንደሆነ ቤቶችን ከሚያስተዳድረው ክፍል ጠይቁ። ካለ፣ ከአከራይ ጋር ለመነጋገር ጥሩ መግቢያ ነው፤ እናንተ የጠየቃችሁት ሳይሆን ሕግ ያዘዘው ይሆናል።

ቀጥሎ መሸኛ። እናቴ ደሴ ከመጣች ቆይታለች፣ መታወቂያዋ ግን የወረባቦ ነው። የወረባቦ መታወቂያ ይዛ ደሴ ውስጥ የቤተሰቤ አባል ሆና አትቆጠርም። ከቀድሞ ቀበሌዋ መሸኛ መምጣት አለበት። መሸኛ ሲሰጥ የድሮው መታወቂያ ይመለሳል፤ ከመመለሳችሁ በፊት የፊቱንም የጀርባውንም ኮፒ አንሡ። እናቴ በእግሯ መሄድ ስለማትችል ወንድሜ ነው እዚያ ሆኖ የተሯሯጠላት። «ለአሮጊት ምን ወረቀት ያስፈልጋታል» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ያቺ ወረቀት ምን እንዳመጣች ወደ ታች ስወርድ እነግራችኋለሁ።

የባለቤቴ ጉዳይ ከሁሉም የከበደው ነው። የተጋባነው በኒካሕ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት አልሄድንም፣ ያኔ ማን ይሄዳል። የኒካሑ ወረቀት ቤት ውስጥ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቼን በጀርባዬና በእጄ ይዤ ስወጣ ወረቀት የሚያስታውስ ልብ አልነበረኝም። ስመለስ ቤቱ ተበርብሯል፣ ሣጥኑ ባዶ ነው። ብዙ የደሴ ሰው እንደዚሁ ነው፤ ካርታውን፣ ዲፕሎማውን፣ የልጁን የልደት ካርድ ያጣ ስንቱ አለ። እንግዲህ እኔ ወረቀት ላይ ያላገባሁ ሴት ሆንኩ፣ ልጆቼ የአባታቸውን ስም ይዘው አባታቸው በማስረጃ የለም። ቀበሌ ስትሄዱ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባልሽስ?» ነው። ሞቷል ስትሉ ማስረጃ ይላሉ። ልክ ናቸው። ባል በሌላ ቀበሌ በስሙ ቤት ይዞ ሚስት እዚህ ቤት የምትጠይቅበት ነገር ስላለ ነው።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ኒካሑ ላይ ከነበሩት ሰዎች በሕይወት ያሉትንና ደሴ ያሉትን አቀረብኩ፤ ቃላቸውን ሰጡ፣ ፍርድ ቤቱም ጋብቻው መኖሩን አረጋግጦ ጻፈልኝ። እሱን ይዤ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ወደሚመዘገብበት ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄድኩ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ ነው መመዝገብ ያለባቸው። ያለፈበት ሰው አይመዘገብም ማለት አይደለም፤ ነገሩ ይረዝማል እንጂ። ሞቱ ሆስፒታል ውስጥ የሆነ ከሆነ ሆስፒታሉ የሚሰጠው ወረቀት አለ፣ እሱን በደንብ ያዙ። ቤት ውስጥ የሞተ ከሆነ ምስክር ያስፈልጋል። ይኼን የምታነቡ፣ በቅርብ ሐዘን የደረሰባችሁ ሰዎች፣ ልቅሶው ሳያልቅ ይኼን መናገር ነውር መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ከዘመድ አንዱን ሰው ልካችሁ በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ።

ከማዘጋጃ ቤት በስማችሁም በባላችሁም ስም ቤትና ቦታ እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤም ይጠየቃል። ይኼ እንኳን ቀላል ነው፤ ቀበሌው ጻፉላት ብሎ ደብዳቤ ይሰጣችኋል፣ እነሱ መዝገባቸውን አይተው ይመልሳሉ። ስማችሁ በመታወቂያና በደብዳቤ ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዩ። ፋይዳ ስታወጡም እንደዚሁ። የእኔ አያት ስም አንዱ ጋ «መሐመድ»፣ ሌላው ጋ «ሙሐመድ» ተብሎ ሁለት ሰው ሆኜ ነበር።

ማመልከቻውን ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚጽፉት አስጽፌ ነበር። ቆንጆ አማርኛ ነው፤ ግማሹ ገጽ ስለ እንባዬና ስለ ፈጣሪ ነው፣ የቤት ቁጥሬ ግን የለበትም። ቀደድኩትና ልጄ በእጇ ጻፈችልኝ። ያቀረብነው ይኼን የመሰለ ነው፦

«ጉዳዩ፦ የቀበሌ መኖሪያ ቤት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች በቀበሌው በቤት ቁጥር እንዲህ በተከራይነት ተመዝግቤ የምኖር ስሆን፣ ባለቤቴ በሞት ስለተለየኝ ሁለት ልጆቼንና አረጋዊት እናቴን እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ አስተዳድራለሁ። ለቤት ኪራይ በወር 2,500 ብር እከፍላለሁ። በስሜም ሆነ በሟች ባለቤቴ ስም ቤትም ቦታም የለንም። ስለዚህ ክፍት ቤት ሲገኝ በወረፋዬ እንዲታይልኝ፣ እስከዚያውም በተጠባባቂነት እንድመዘገብ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አባሪ፦» ብሎ የወረቀቶቹ ዝርዝር።

ይኼው ነው። ሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱን ለሊቀመንበሩ በእጃቸው አትስጡ፤ ሰውየው ጥሩ ሰው ቢሆኑም ኪሳቸው መዝገብ ቤት አይደለም። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ገቢ አስደርጉት፣ በእናንተ ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ተጽፎ ማኅተም ይመታበት። ከዚያ በኋላ ስትመላለሱ «የቤት ጉዳይ ነበረኝ» አይደለም የምትሉት፣ «በዚህ ቁጥር በዚህ ቀን የገባው ማመልከቻ የት ደረሰ?» ነው። የሚሰጣችሁ መልስ ወዲያው ይለወጣል። ከእኔ በፊት ያመለከተች አንዲት ጎረቤቴ ማመልከቻዋ ጠፋ ተብላ እንደ አዲስ ከታች ጀመረች፤ የገባበትን ቁጥር ስላልያዘች የምትከራከርበት ነገር አልነበራትም።

ቀጥሎ ቤት ለቤት ማጣራት ይመጣል። የቤቱም የሴፍቲኔቱም ኮሚቴ ቤታችሁን ያያል። አይነግሩም፣ ድንገት ነው። እኔ ጋ የመጡት ጠዋት ሊጥ ስጋግር ነው፤ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ፎርም የያዘ ወጣት፣ አንድ ሼህ። ክፍሏ ጢስ ናት። ወጣቱ ከበሩ ሳያልፍ ማዕዘን ላይ የቆመውን ትልቅ ነጭ ፍሪጅ አየ። እስክሪብቶውን አነሣ። ፍሪጁ የአከራዬ ልጅ ከጂዳ የላከው ነው፤ ከመጣ ጀምሮ ተበላሽቷል፣ ሳሎኗ ስለጠበባት እኔ ክፍል አስቀምጣዋለች። «የኔ አይደለም» አልኩ። እንዲህ የሚል ሰው ሁሉ እንደሚያጋጥማቸው ከፊቱ ታየኝ። ከፍቼ አሳየሁት። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የእናቴ የክት ቀሚስና ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ታች የልጆቹ ጫማ፣ በር ላይ እንቁላል በሚቀመጥበት ጉድጓድ ክርና መርፌ። ሼሁ ሳቃቸው መጣ። «ይሄማ ሣጥን ነው፣ ሣጥን ብለህ ጻፍ» አሉት። «አባባ፣ ፎርሙ ላይ ሣጥን የሚል የለም፣ ፍሪጅ አለው ወይስ የለውም ነው የሚለው» አለ ልጁ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ «አለው» ብሎ ከሄደ እኔ ፍሪጅ ያላት ሴት ነኝ።

አከራዬን ጠራኋት። መጥታ የእሷ መሆኑን ተናገረች፤ ልጁም አስተያየት በሚለው ቦታ «የአከራይ ንብረት፣ የማይሠራ» ብሎ ጻፈ፣ እሷም ፈረመች። ይኼን ልብ በሉ። የእናንተ ያልሆነ ነገር ቤታችሁ ካለ፣ አልጋም ይሁን ቴሌቪዥን፣ በቃል አስረድታችሁ አትለፉት፤ ይጻፍ በሉ። ቤቱን ያየው ሰው አንድ ነው፣ ነጥቡን የሚያየው ሌላ ነው። ሁለተኛው ሰው የእናቴን ነጠላ አላየም። ደግሞ ለእነሱ ብላችሁ ቤታችሁን አታጎሳቁሉ፣ ያላችሁንም አትደብቁ። ከኮሚቴው ውስጥ የሰፈር ሰው አለ፤ ምን እንዳላችሁ ያውቃል፣ አንድ ውሸት ከተያዘ ሌላው እውነት ሁሉ ይጠረጠራል።

ስለ ሴፍቲኔት ጥቂት ልበል። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች። በኋላ ከ80 በላይ ከተሞች ገብተውበታል። የሚታየው በሰው ሳይሆን በቤተሰብ ነው። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት በአካባቢ ልማት ሥራ፣ ማለትም በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማት፣ በተፋሰስ ሥራ ይመደባል፤ መሥራት የሚችል የሌለበት፣ አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ብቻ የሚኖርበት ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ክፍያው በባንክ ነው የሚገባው፣ ከሱም የሚቆጠብ አለ፤ ሠራተኛው ከፕሮግራሙ ሲወጣ ለራሱ ሥራ መነሻ የሚሆን ገንዘብ ይሰጠዋል። የተመረጡት ስም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሕዝብ እንዲተችበት።

የእኔ ስም አልነበረም። የተጣሩት ሰዎች ነጥብ ሲታይ እኔ በሦስት ሰው ቤተሰብ ነው የተሰላሁት፤ እናቴ የለችም። በዚያን ጊዜ መሸኛው ገና ከወረባቦ አልመጣም ነበርና። ስም ሲለጠፍ ብዙ ሰው ሰሌዳው ሥር ቆሞ ይራገማል፣ «ለዘመዳቸው ሰጡ» ይላል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እርግማኑ አንዳንዴ እውነት ይኖረዋል። ግን ቅሬታ ሰሚ የሚባል ኮሚቴ አለ፣ ቅሬታ የሚቀበልበትም ጊዜ አለ፤ ጊዜው ሲያልፍ እውነታችሁ ይዛችሁት ትቀራላችሁ። መሸኛው እንደደረሰ እናቴን በቤተሰብ ማህደሬ አስገብቼ፣ የዚያን ኮፒ አያይዤ «የቤተሰቤ ቁጥር ሦስት ተብሎ የተሞላው አራት ተብሎ ይስተካከልልኝ» ብዬ አስገባሁ። ስለ ማንም ዘመድ አላወራሁም። ቁጥሩ ተስተካከለ፣ ስሜም ገባ። እነሆ የአሮጊት ወረቀት። ጠዋት መጥረጊያ ይዤ እወጣለሁ፣ ማታ እጋግራለሁ። የሴፍቲኔቱ ብር ኪራይ አይሸፍንም፤ ግን የጤፉን ዱቤ አቃለለልኝ።

በዚህ መሐል ደላላ መጣ። ሳይመጣ አይቀርም፣ ለእናንተም ይመጣል። «የቀበሌ ቤት ቁልፍ አለ» ይላል። ነዋሪው ኪራዩን እየከፈለ ስሙ እንዳለ ይቆያል፣ እናንተ ዳጎስ ያለ ብር ሰጥታችሁ ትገባላችሁ ማለት ነው። የጠየቀኝ ብር የሁለት ዓመት ኪራዬን ያህላል። ብድር ወስጄ ላደርገው አስቤ ነበር ብል ሐሰት አይደለም፤ ልጆች ያሉት ሰው ቁልፍ ሲባል ልቡ ይርዳል። ታላቅ እህቴ ነች «አብሽሪ፣ ትንሽ ታገሺ» ያለችኝ። ቀበሌው የቤት ቆጠራ ሲያደርግ ውሉ ላይ ያለው ስምና ውስጥ የተገኘው ሰው ካልተገናኘ ቤቱ ይታሸጋል። ብሩን አስመልሱልኝ ብላችሁ የምትከሱበት ውል ደግሞ የላችሁም፤ ያላችሁ እናንተም ጥፋተኛ የሆናችሁበት ወረቀት ነው። ከዚህ ሌላ፣ ያ ቤት ለወረፋው ነበር የሚመለሰው።

ቤቱ የተገኘው ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት ሲሞቱ ነው። ነፍሳቸውን ይማር፤ ወራሽ አልነበራቸውም። ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይዞ ከመዝገቡ ላይ ስማችንን አወጣ። ከእኔ በላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው መታወቂያው ላይ የቤት ቁጥር የለውም፣ ሌላዋ ቤት የሌላት መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ ገና አላመጣችም። የእኔ ሙሉ ነበር። ለዚያች ሴት ሳስብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ከእኔ ያላነሰ ችግር እንደነበረባት አውቃለሁ።

ቁልፍ ሲሰጣችሁ ደስታው ያሰክራል፤ ቢሆንም ሳትፈርሙ የምታዩአቸው ነገሮች አሉ። የመብራትና የውሃ ውዝፍ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ካለ የቀድሞው ነዋሪ ውዝፍ መሆኑ ርክክቡ ላይ ይጻፍ። ማህደሩ ላይ ያለው የክፍል ብዛትና መሬት ላይ ያለው አንድ መሆኑን እዩ። ሟች እናት በጀርባ በኩል በቆርቆሮ የቀጠሏት ማድ ቤት ነበረች፤ ማህደሩ አያውቃትም። እሷን አምኜ ምጣዴን ብተክል ነገ «ሕገ ወጥ ግንባታ» ተብላ ብትፈርስ የምለው የለኝም ነበር፤ ስለዚህ በርክክቡ ላይ እንድትጠቀስ አደረግሁ። ውሉ ላይ ደግሞ የቤተሰቡን ሁሉ ስም አስገቡ። እኛ ቀበሌ የተነገረን፣ ተከራዩ ቢሞት ውሉ የሚቀጥለው አብሮ ይኖር ለነበረና በማህደሩ ለተመዘገበ የትዳር ጓደኛና ልጅ ነው። አክስት ጋ ሄዶ የሚማር ልጅ ካላችሁ ይኼን አስቡበት።

ቤቱ ቤተ መንግሥት አይደለም። ወለሉ አፈር ነው፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፣ ሽንት ቤቱ የአምስት አባወራ ነው። የደሴን የኅዳር ቁር ለምታውቁ፣ የጭቃ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ነፋሱ የት እንደሚገባ አልነግራችሁም። ግን የወር ኪራዩ የድሮው ቤቴን የአንድ ሳምንት ሒሳብ አይሞላም። ለመጠገን እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በገዛ ብራችሁ ግድግዳ ብታቆሙም ሳታስፈቅዱ ከሆነ ያስጠይቃል። አረጋዊ ያለበት ቤት ከሆነ በክረምት በጎ ፈቃድ ወጣቶች የሚያድሷቸው ቤቶች ውስጥ እንዲገባ አስቀድማችሁ አመልክቱ፤ ዝናቡ ከገባ በኋላ ዝርዝሩ ያልቃል። የእናቴን ስም ጠቅሼ አስገብቼ ጣሪያው ላይ አሥር ቆርቆሮ ተቀይሮልኛል።

ኪራይ ስትከፍሉ ደረሰኙ ላይ የቤት ቁጥሩን እዩ፤ የእኔ አንድ ወር በጎረቤት ቁጥር ተቆርጦ እኔ ባለውዝፍ ተብዬ ነበር፣ ደረሰኙ በእጄ ስለነበረ በአንድ ቀን ተስተካከለ። አሁን የቀረኝ ቆጣሪ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ቆጣሪ ለአምስት በር ነው፣ ሒሳቡንም በአምፖል ቁጥር ነው የምንካፈለው፤ ምጣድ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ በየወሩ ትርፍ እያዋጣሁ ነው። ጎረቤቶቼ እስካሁን ክፉ አልተናገሩኝም። የራሴን ቆጣሪ ለማስገባት የቀበሌውን የድጋፍ ደብዳቤ አያይዤ አመልክቻለሁ፤ በእኔ ቅጂ ላይ ያለው የገቢ ቁጥር ቦርሳዬ ውስጥ ነው።